የጅቡ ሠርግ የዘገየበት ምክንያት

ልጅ ሳለሁ፣ ፍራንክፈርት ጋሉስ ሰፈር፣ ልቤን የሚሸፍነው ስስ ከረጢት እየተቆጣ መከራዬን ያበላኝ ነበር። በጀርባዬ ስተኛ ይወጋኛል፣ ስስቅ ይብሳል፤ ፋታ የሚሰጠኝ ጎንበስ ስል ብቻ ነው።

መጀመሪያ የታመምኩ ጊዜ ቶሎ ተሻለኝ። ጠያቂ ብርቱካኑን ይዞ ጎረፈና «አበባ መስላለች እኮ! ይሄ ሁሉ ክኒን ምን ያደርግላታል?» አለ። እናቴም እውነት መስሏት መድኃኒቱን አስቆመችኝ። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ተመለሰ። ሐኪሟ «ደህና ብትሆንም ለወራት ትውሰድ። የምንቀንሰው ቀስ በቀስ ነው፤ አለዚያ ይመላለስባታል» አለቻት። ከዚያ በኋላ እናቴ ሳስነጥስ እንኳ ትደነግጥ ጀመር።

እኔ ደግሞ ሳያመኝ ክኒን አልውጥም ብዬ አፌን ግጥም አደረግሁ።

ያኔ እናቴ ማታ ማታ ኤርፖርት ስለምታጸዳ፣ አብረውኝ የሚያመሹት ከላያችን የሚኖሩት ጡረተኛው መሐንዲስ ጋሼ ደምሴ ነበሩ። ገና ሲገቡ ትልቁን መብራት ያጠፉና «በዚህ ብርሃን ጅብ አይመጣም» ብለው ትንሿን ፋኖስ መሳይ መብራት ያበራሉ። ተረታቸው ሚስት ሊያገባ ስለተነሣ ጅብ ነው። ክኒኔን ካልዋጥኩ ጅቡ ከደጁ ንቅንቅ አይልም፤ ስውጥ ይነሣል። «ኡንድ ዳን?» እላቸዋለሁ በጀርመንኛ፣ ከዚያስ ለማለት፤ እሳቸው በአማርኛ ይቀጥላሉ። መድኃኒቱ ሆዴን ስለሚያላላው ተረቱ መሀል ሽንት ቤት ስሮጥ፣ እንዳላፍር ብለው ነው መሰለኝ፣ ጅቡም በሙሉ ልብሱ ወደ ጫካ ይሮጥ ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ ሐኪሟ ሕክምናውን አራዘመችው። ጋሼ ደምሴ ራሳቸውን አከኩ። በማግሥቱ ጅቡ ለሽምግልና የላካቸውን ፍየሎች መንገድ ላይ በላቸው፤ ሌላ ሽማግሌ እስኪገኝ ወራት ፈጀ።

በመጨረሻ ሐኪሟ «በቃ፣ ድነሻል» ስትለኝ እሪ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ክው አለች። ሐኪሟ ማዳመጫዋን መልሳ አነሣችና «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አለችኝ።

«ጅቡ ገና አላገባም» አልኳት።

ያን ዕለት ማታ ጋሼ ደምሴ ክኒን ሳይኖር መጡና ደግሰው ዳሩት። የሕመሙን ስም ዛሬ ረስቼዋለሁ፤ ጅቡ ሚዜዎቹን ሲያሳድድ በጀርባዬ ተንጋልዬ እንደሳቅሁና ምንም እንዳልወጋኝ ግን አልረሳም።