ትርንጎ እስክትነቃ

በ2007 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጉልበቴ እርሻውን እምቢ ሲል፣ ከላሊበላ ብዙ በማትርቅ ትንሽ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማደሪያ ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። እዚያ የሚያድሩት ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ወንድና ሴት ተማሪዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ርዕሰ መምህሩ ባትሪ፣ የእጅ ሰዓትና ቁራጭ ብረት አስረከበኝ። ብረቱ ወይራው ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ መምቻ ነው። ደወላችን እሱ ነበር።

«አያ ደምሌ፣ ማታ በሦስት መብራት ያጠፋሉ፤ ንጋት በአሥራ አንድ ይደውላሉ። ሰዓት ማንበብ ይችላሉ?»

«ቁጥር አይጠፋኝም፤ የሚጠፋኝ ፊደሉ ነው» አልኩት።

ከደወል በፊት ያለችውን ጊዜ እወዳት ነበር። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ግቢውን ይሞላዋል። ቤቱም ዛፉም ይጠፋል፤ እኔም ራሴ ያለሁ አይመስለኝም። ከውስጥ አንዱ በእንቅልፍ ልቡ በሬ ይጠራል፣ አንዱ የሂሳብ ቀመር ይቆጥራል፣ አንዷ እናቷን «መጣሁ» ትላለች። የሁሉም ሕልም በመስኮት ወጥቶ ከጉሙ ጋር የሚቀላቀል ይመስለኛል። ያን ሁሉ በአንድ ብረት እበትነዋለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ግን አላረካኝም። በልጅነቴ ፊደል ስቆጥር እያንቀላፋሁ ሳስቸግራቸው የኔታ አባረውኛል። ሳልማር የቀረሁት በእንቅልፍ ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ደወሉን በራሴ ሥልጣን ወደ አሥር፣ ቆይቼ ወደ ዘጠኝ አመጣሁት። የሚያጠናው ሲበዛ መብራቱም እስከ አምስት መቆየት ጀመረ። ደወል ያልሰማውን ጋቢውን እገፍፈዋለሁ። ወላጆች መረቁኝ፤ ርዕሰ መምህሩም አልከለከለኝም።

በአምስተኛው ዓመቴ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ሁላችን ሲስተር የምንላት፣ ተማሪዎቹን ሰብስባ ስለ እንቅልፍ አስተማረች። «በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው በየሌሊቱ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ቀን የተማራችሁት በአእምሯችሁ የሚደላደለው ስትተኙ ነው» አለች።

«ድመት ልታደርጊያቸው ነው እንዴ ልጄ?» አልኳት ከበሩ ላይ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

እሷ አልሳቀችም። «አያ ደምሌ፣ እየሄደች እንቅልፍ የጣላት ድመት አይተው ያውቃሉ?»

 ከዚያም በኋላ የደወሉን ሰዓት አልቀየርኩም።

ትርንጎ የምትባለው ተማሪ ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሏ አንደኛ። ድንገት ማንቀላፋት አመጣች። ውጤቷ ወረደ። ስሟን ሲጠሯት የማን ስም እንደሆነ እስክታስብ ትቆያለች። «ይቺ ልጅ ዓይነ ጥላ ተጠናውቷታል» አልኩ። በእኛ አገር ጎበዝ ተማሪ በድንገት ሲፈዝ ሌላ ስም የለውም። ለአባቷ ለይመር መልእክት ላኩለት። «ጠበል አስጠምቅልኝ፤ ካልተሻላት ትምህርቱ ይቅርባት፣ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብሎ መለሰልኝ።

ጠበሉ ከከተማው በላይ ያለ ምንጭ ነው። በባዶ ሆድ፣ ሰው ሳይቀድም መድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሌሊቱ ስምንት ሰዓት እቀሰቅሳት ጀመር። ሁለት ሳምንት ተመላለስን። ባሰባት። እሷ በባሰባት ቁጥር እኔ ይበልጥ አመንኩ።

አንድ ሐሙስ ባትሪዬን ይዤ ከፊት ከፊት ስሄድ ከኋላዬ «አያ ደምሌ፣ መንገዱ ሲለሰልስ!» አለችኝ።

«ምን ይለሰልሳል፣ ድንጋይ እኮ ነው» ብዬ ዞር ስል ዓይኗ ተከድኗል። እግሯ ይሄዳል፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ። ስሟን ሳልጨርስ ከመንገዱ ዳር ካለው እርከን ወደቀች።

አገጯ ተሰነጠቀ። አዝዬ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ሲስተር ቁስሏን እየሰፋችላት ሳለ እንቅልፍ ወሰዳት።

«ማታ ስንት ሰዓት ተኛች?» አለችኝ ሲስተር።

«በአምስት።»

«ስንት ሰዓት ቀሰቀሷት?»

«በስምንት።»

ሦስት ጣቷን አሳየችኝ። 

«ጠበሉስ?» አልኳት።

«ጠበሉን ማን ከለከለ? ተኝታ አድራ፣ ሲነጋ ትሂድ።»

እኩለ ቀን ላይ ይመር፣ እንዳልተሻላት ሰምቶ፣ በቅሎ ስቦ ጤና ጣቢያው ደረሰ። «ልጄን አምጡ፤ ከእንግዲህ በቃት!»

«ተኝታለች» አልኩት።

«ይኸው፣ በቀንም አልለቃትም! ቀስቅሳት።»

በሩ ላይ ቆምኩ። «አልቀሰቅሳትም። ዓይነ ጥላ ብዬ የላኩብህ እኔ ነኝ። እንቅልፍ የነሳኋትም እኔው ነኝ፤ በሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ ስትተኛ ነው የከረመችው።»

«ወቸ ጉድ! ማደሪያውን በሙሉ ስታስነሳ የኖርከው ሰውዬ፣ ዛሬ አንዲት ልጅ ማስነሳት አቃተህ?»

«አዎ፣ አቃተኝ።»

 «በራሷ ነቅታ፣ እንደ ሰው ካናገረችኝ ትቆያለች። ካልሆነ በቅሎዋ ተጭናለች» አለ ይመር።

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጥላው ከእግራችን ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወጣ። ጉሙም መጣ። ይመር ራሱ ትከሻዬ ላይ አንቀላፋ፤ እኔ ሕልም ይሁን እውን በማላውቀው ቦታ ሆኜ የልጅቷን ትንፋሽ ስቆጥር ዋልኩ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ። አገጯ በፋሻ ታስሯል፤ ዓይኗ ግን ጥርት ያለ ነው።

«አባ፣ ቡሬዋ ላማችን ወለደች? በምን መጣህ? የሂሳብ ፈተና አምልጦኛል እኮ!» አለች በአንድ ትንፋሽ።

ይመር ፊቱን አዙሮ የበቅሎዋን መጫኛ ይፈታ ጀመር። «ወልዳለች» አለ። «አንተ ደምሌ፣ ዳግመኛ በሌሊት ብትቀሰቅሳት ግን ጠብህ ከእኔ ጋር ነው።»

ከእኔ በኋላ ለምትቀጠሩ የማውቀው ይኸው ነው፤ ተማሪ ሲፈዝባችሁ መጀመሪያ የተኛበትን ሰዓት ቁጠሩ።

ያን ማታ መብራቱን በሦስት አጠፋሁ። «አያ ደምሌ ተሳስተዋል!» እያሉ ጮኹብኝ፤ መልሼ አላበራሁም። በማግስቱ በዘጠኝ ከእንቅልፌ ነቃሁ፤ ልማድ ነው። ወይራው ሥር ተቀመጥኩ። አሥር ሆነ፤ አሥራ አንድ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ጋቢውን ደርቦ ወጣ።

«አያ ደምሌ፣ ምነው ደወሉ?»

«ልጆቹ ተኝተዋል።»

«ማን ፈቀደ?»

«እኔ።»

አሥራ ሁለት ሲል ተነስቼ ደወልኩ።