የሽመክት ጆሮ

ዲላ ውስጥ ሞተር ሳይክል ኖሮት ሽመክትን አላውቅም የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ጥግ ሠላሳ አንድ ዓመት አሮጌ ሞተር ሲያስማማ ኖሯል። የሚሠራው በጆሮው ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ በፑንቲናው፣ የቤንዚኑንና የአየሩን መጠን በካርቡራተሩ ብሎን፣ በቪቴው፣ ጥቂት ጥቂት እያዞረ ያስተካክላል። መጀመሪያ የሚጠይቀውም ዋጋ አይደለም፤ «ወዴት ነው የምትሄድበት?» ነው። ወደ ቡሌ ለሚወጣ ቤንዚኑን ቀነስ ያደርግለታል፤ እዚያ አየሩ ስስ ነው። ሲጨርስ የሚስቱን የአሰገደችን ቀይ የጥፍር ቀለም የፑንቲናው ቪቴ ላይ ጠብ ያደርጋል። ቀለሟ ካልተሰነጠቀች ከእሱ በኋላ ማንም አልነካውም ማለት ነው።

ራሱ ያሠለጠነው ታዲዮስ የግሉን ጋራዥ ከፍቶ ፑንቲና በትንሽ አምፖል መፈተሽ ሲጀምር፣ ሽመክት በየሻይ ቤቱ ሳቀበት። «አምፖል የደንቆሮ ምርኩዝ ነው» አለ። ሰውም አብሮ ሳቀ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ነው፤ ከስሙ ሌላ ሀብትም አልነበረውም።

አሰገደች ግን ጮክ ብላ ማውራት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። «ምን ያስጮህሻል? ልታደነቁሪኝ ነው እንዴ?» ይላታል፤ እሷም ትታው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አንድ ጠዋት እንሰቱ ጥግ ቆሞ «ወፎቹ ወዴት ሄዱ?» ብሎ ጠየቃት። ወፎቹ የትም አልሄዱም። እላዩ ላይ ነበሩ።

ባለፈው የካቲት መምህር ፈለቀ አሮጌ ያማሃውን ይዞ መጣ። ቡሌ ነው የሚያስተምረው፤ ሰኞ ወጥቶ ዓርብ ይወርዳል። ሽመክት ግማሽ ቀን ለፋበት። ፑንቲናውን ቀደም አደረገው፣ አዳመጠ፣ ድምፁ ደበዘዘበትና እንደገና ቀደም አደረገው። እሳት ከጊዜው ቀድሞ ሲነሳ ሞተር አቀበት ላይ ያስታውቃል፤ ጣሳ ውስጥ ያለ ጠጠር የመሰለ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ካልተስተካከለ ፒስተን ይበሳል። ሽመክት ለሙከራ አቀበቱን ወጣና ምንም አልሰማም። ደስ አለው። ቀዩን ቀለም ጠብ አድርጎ «ሂድ፣ እንደ አዲስ ነው» አለው።

ሰኞ ጠዋት የቡሌው መንገድ ላይ፣ አቀበቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ነከሰ፣ ፒስተኑ ተጣበቀ። የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፈለቀ ድንጋዩ ላይ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ሰውየውንም ሞተሩንም አይሱዙ ጭኖ አወረዳቸው። ፈለቀ ሐኪም ቤት፣ ሞተሩ ሽመክት ጋ።

ሞተረኛው ሁሉ ተሰብስቦ ቆሞ እያየ ሽመክት ሞተሩን ከፈተ። የፒስተኑ አናት ተበስቷል። ሁሉም የሚያየው ፒስተኑን ሳይሆን እሱን ነበር። «ይሄ የላምባ ሥራ ነው» አለ። «ቤንዚኑ ላምባ ተቀላቅሎበታል።» እዚህ ላይ አንበድለው፣ ያኔ ከልቡ አምኖ ነው የተናገረው። ራሱን ይጠረጥር ዘንድ ማን አስተምሮት?

«ከማን ነው የቀዳው?» አለ አንዱ።

«ከትጊ!» አለ ሌላው።

ትጊ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። ማደያው ሰልፍ ሲበዛ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ትቸረችራለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ሽመክት እጁን ሳይጠርግ ሞተረኞቹ ደርሰውባት ሃይላንዶቿን ቦዩ ውስጥ ደፏቸው። ወዲያው አንዲት የተረፈች ጠርሙስ ይዛ እያለቀሰች መጣች።

«ጋሼ ሽመክት፣ በጌታ ስም! እኔ ላምባ በእጄ ነክቼ አላውቅም። እነሱ አንተን ነው የሚሰሙት። እንካ፣ አሽትተው።»

አሸተተው። አፍንጫው ደህና ነበር፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ቤንዚን ነበር። ሰዉም እያየው ነበር።

«ሽታ ያታልላል» አለና ወደ ሥራው ዞረ። ትጊን እንደቆመች ትቶ ጀርባውን ሰጣት።

በሳምንቱ ታዲዮስ ሽመክትን ሊያግዝ ለፈለቀ ሞተር ከሐዋሳ አዲስ ፒስተን አምጥቶ አብረው ገጠሙ። ታዲዮስ እንደ ልማዱ አምፖሉን አውጥቶ ፑንቲናው ላይ አሰረና የሞተሩን ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖውን፣ በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረ። ቮላኖው ምልክቱ ጋ ሲደርስ መጥፋት የሚገባው አምፖል ብዙ ቀድሞ ጠፋ። ደግሞ አዞረው፤ ያው ነው፣ እሳቱ ከጊዜው ቀድሞ ይነሳል። ቀይዋ ቀለም ቪቴው ላይ እንዳለች ነበረች፣ ሳትሰነጠቅ።

ታዲዮስ ሞተሩን አስነስቶ ሽመክትን ከኋላው አፈናጠጠውና አቀበቱን ተያያዘው። እኩሌታው ላይ ጋዙን ሰጠው።

«ይሰማሃል ጋሼ?» አለ ጮክ ብሎ።

«ምኑ?»

ታዲዮስ ወዲያው ጋዙን ለቀቀ። ወደ ጋራዡ ተመለሱ። እዚያ ታዲዮስ ፑንቲናውን ምልክቱ ላይ መለሰውና የጥፍር ቀለሙን ራሱ ቀባ። «እኔ ምንም አላየሁም» አለው። በየሻይ ቤቱ የተሳቀበት ሰው ነው እንዲህ ያለው። ታዲዮስ ቢሰድበው ለሽመክት ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም አልሆነለትም። ነገሩን ሲነግራት አሰገደች እያነባች «ሂድና ንገራቸው» አለችው። ትጊ ድንጋዩ ላይ የለችም። ዱመርሶ ሄዳ ቡና ማጠቢያ ውስጥ በቀን ሥራ ቡና ትለቅማለች፣ ልጆቿን እህቷ ዘንድ ጥላ። ይህን ከሰማ በኋላ አስራ አንድ ቀን ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ሞተረኞቹ የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ገባና ሳይቀመጥ ተናገረ።

«የትጊ ቤንዚን ንጹሕ ነበር። የፈለቀን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬ ደክሟል፣ አይሰማኝም።»

 ባለ ባጃጁ አሌክስ ከት ብሎ ሳቀ።

«አንጀቱ ራርቶላት እኮ ነው! ጋሼ፣ የአንተን ጆሮ ለእኛ ትነግረናለህ?»

«አልቅሳበት ይሆናላ» አለ ሌላው። «እግዜር ይስጥህ ጋሼ፣ ለእሷ ብለህ ራስህን አታዋርድ። ቁጭ በል!» ወንበር ሳቡለት፤ ሻይ ታዘዘለት። አሌክስማ የባጃጁ ድምፅ አላምር ብሎታልና ሻዩን ሲጨርስ እንዲያዳምጥለት ለመነው።

ታዲዮስን ጠይቁት፣ አብረን አይተነዋል ሊላቸው አፉን ከፈተ። የታዲዮስ ስም ምላሱ ላይ ነበር። ክብ ሠርተው በፍቅር ያዩታል።

ቁጭ አለ። ሻዩን አማሰለ። ስላላመኑት ደስ አለው፤ ደስ እንዳለውም አወቀ። ጠጥቶ ሲያበቃ ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ አሌክስን ተከትሎ ወጣ።