ግሪስ የነካው ሱሪ

ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከሁሉም በታች፣ የማልለብሰው ግራጫ ሱሪ አለ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ነበር፤ ዛሬ ልልበሰው ብል ከጉልበቴ አያልፍም። ቀኝ እግሩ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የብስክሌት ሰንሰለት ያተመበት ጥቁር ግሪስ አለ፤ ጥርሶቹ በተርታ ይታያሉ። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ልጥለው አወጣውና አፍንጫዬ ላይ አደርገዋለሁ። ጨርቁ ምንም አይሸትም። እኔን ግን ፀሐይ ያሞቀው የሸውሸዌ ቅጠል፣ ጎማ፣ ከሥራቸው ደግሞ ትንሽ ፍሳሽ ይሸተኛል። አትሳቁብኝ። በሕይወቴ የገባሁበት ደን እሱ ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠጣው የከተማውን ፍሳሽ ነበር።

ያኔ ካይሮ፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። «የምንኖረው» ስል እኔን ማለቴ ነው። እህቴ ከከተማው ዳር ሸይኽ ዛይድ፣ ዘበኛ በሚጠብቀው ግቢ ውስጥ፣ አንድ ቤት ተቀጥራ ነበር፤ አዳሯም እዚያው ነው። እኔ እሷ በተከራየችልኝ ክፍል ከሌሎች የአገራችን ሴቶች ጋር በደባልነት አድራለሁ። እናታችንን አላስታውሳትም። አባታችን ታስሮ ወሬው ሲጠፋ ከባሕር ዳር ይዛኝ የወጣችው፣ በሱዳን አድርጋ ካይሮ ያስገባችኝ እህቴ ናት፤ ያን ጊዜ ራሷም ገና ልጅ ነበረች። ካይሮ ከገባን በኋላ ግን የኔ የምትሆነው ዓርብ ብቻ ነበር። ዓርብ ጠዋት ትመጣለች፣ አብራኝ ታድራለች፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ትሄዳለች። ስትሄድ የተኛሁ እመስላለሁ፤ እሷም እንዳልተኛሁ እያወቀች ቀስ ብላ በሩን ትዘጋዋለች።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን ሽርሽር አዘጋጀ። ከሸይኽ ዛይድ አለፍ ብሎ፣ በረሃው ዳር የተተከለ ደን አለ፣ መሐሉ ላይ የተራራ ብስክሌት መንጃ ተሠርቶለታል አሉን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዘመድ ይዞ መምጣት ይችላል ተባለ። ቀኑ ዓርብ መሆኑን ስሰማ እንዴት እንደዘለልኩ የማውቀው እኔ ነኝ። እህቴ ሱሪ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ቅያሬ ዩኒፎርሜን ሰጠኋት። ወገቧ ላይ ልክ ሆናት፣ ከታች ብቻ አጠራት።

«የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መሰልኩ አይደል?» አለችኝ መስተዋቱ ፊት።

«ወድቀሽ የደገምሽ ትመስያለሽ» አልኳት።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ለእኔ ለቀቀችልኝ። ጣዕሚያ የሚሉት የባቄላ ጥብስ የገባበት ሳንዱች ጭኗ ላይ ይዛ ነበር፤ ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬ ለመዳም ደውዬ እነግራታለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«ተመላላሽ ልሁን ብዬ። ጠዋት ገብቼ ማታ እወጣለሁ። እሺ ካለች እሰየው፤ ካላለች ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።»

«ከዚያ ሁልጊዜ ከእኔ ጋ ታድሪያለሽ?»

«ታዲያ የት ላድር? ብቻ በእንቅልፍሽ አትራገጪኝ።»

ትንሽ ቆይቶ አውቶቡሱ በምትሠራበት ግቢ በር በኩል ሲያልፍ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች። እኔ ግን ምንም አልመሰለኝም፤ ከዚያ በር ወጥታ ማታ ማታ ወደኔ ስትመጣ ነበር የምትታየኝ።

ደኑ ዛፎቹ በመስመር የቆሙበት፣ እግራቸው ሥር ጥቁር የጎማ ቱቦ የተዘረጋበት ነበር። ውኃውን እንዳንነካ የሚያስጠነቅቅ ቀይ ጽሑፍ በየቦታው ተለጥፏል። ንፋስ ሲመጣ ሸውሸዌዎቹ ሁሉም አንድ ላይ ያሾከሹካሉ፤ ብርሃኑ በቅጠሉ መሐል እየተቆራረጠ መሬት ላይ ይወርዳል። እህቴ ከአውቶቡስ እንደወረደች ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ባሕር ዳር ባሕር ዳር ሸተተኝ» አለች።

«እኔን ሽንት ቤት ነው የሸተተኝ» ብላት እስኪያስላት ሳቀች።

ብስክሌት የሚያድለው ሰው ለሴቶች ከታች ያለውን ሜዳ አሳየን። እህቴ ራሷ ላይ ከጠመጠመችው ሻሽ በላይ የብስክሌቱን ቆብ አጠለቀች፣ አንገቷን ነቅንቃ «እሺ» አለችው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ኮረብታው ነዳችው። ባሕር ዳር ሳለን በአባታችን ብስክሌት ከኋላዋ ጭናኝ ትሄድ እንደነበር ነግራኝ ታውቃለች፤ እኔ የማስታውሰው ጀርባዋን ብቻ ነው። ያን ዕለት ፊቷን አየሁት። ፔዳሉ ላይ ቆማ አቀበቱን ጨረሰች፤ ከላይ ትንሽ ቆም አለችና በዛፎቹ መሐል ቁልቁል ለቀቀችው። ከጥላ ወደ ብርሃን፣ ከብርሃን ወደ ጥላ እየገባች፣ በየጉብታው ከመሬት እየተነሳች፣ እየጮኸች ወረደች። ያን ያህል መጮህ እንደምትችል አላውቅም ነበር። እኛ ቤት ጎረቤት እንዳይሰማ፣ እዚያ ቤት ሕፃን እንዳይነቃ ስትንሾካሾክ ነው የኖረችው።

የስፖርት አስተማሪያችን አጨበጨበ። «ይቺ ማናት?» አለኝ።

«እህቴ ናት» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ስትወርድ ሱሪውን ሰንሰለት ነክሶት ነበር። «ውይ ዩኒፎርምሽ!» አለችና ወዲያው ረሳችው። እኔን ብስክሌቱ ላይ አወጣችኝ። ከኋላ ኮርቻውን ይዛ እየሮጠች፣ እኔ «እንዳትለቂኝ!» እያልኩ ከአንዱ ዛፍ እስከሌላው ደረስን።

«በሚቀጥለው ዙር እለቅሻለሁ» አለችኝ እያለከለከች። «ራስሽ ትሄጃለሽ።»

የሚቀጥለው ዙር አልመጣም። «ዳዳ! ዳዳ!» የሚል የሕፃን ድምፅ ከኋላችን ሰማን።

የምታሳድገው ልጅ ነበር፤ ግብፆች ሞግዚትን ዳዳ ይላሉ። እጆቹን ዘርግቶ እየሮጠ መጥቶ ግሪስ በነካው ሱሪ ላይ ተጠመጠመ። መዳሟም ተከትላው መጣች። ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ዓርብን እዚያ ነው የሚያሳልፉት። ሴትዮዋን ክፉ አድርጌ ነበር የሣልኳት፤ እሷ ግን ጉንጬን ስማ «እህቷ ነሽ? እንዴት ትመሳሰላላችሁ!» አለችኝ። ወደ እህቴ ዞራም «ብስክሌት ትችያለሽ እንዴ? ስላየሁት ነው ያመንኩት!» ብላ ሳቀች። እህቴ ቆቡን አወለቀች። አውልቂ ያላት ሰው አልነበረም።

ክንዷን ቆንጥጬ «አሁን ንገሪያት» አልኳት በአማርኛ። አንገቷን ነቀነቀች። ሻሿን አስተካከለች፣ ልጁን ከእግሯ አላቃ ወደ መዳሟ ሄደች፣ አፏንም ከፈተች፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ቱቦው አጠገብ እርጥቡ ላይ ሲጫወት ንብ ነድፎት ነበር። እናቱ ተንበርክካ እጇን ዘረጋችለት። እሱ በእሷ አጠገብ አልፎ እህቴ ጉያ ገባ።

በጥፍሯ መንደፊያውን አወጣችለት፣ እጁን እፍ አለችለት፣ ታቅፋው በዛፎቹ መሐል እየተመላለሰች እሹሩሩ አለችው። በአማርኛ። እሹሩሩዋ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀናሁ፤ እንደሱ ሕፃን ሆኜ ማልቀስ አማረኝ። ልጁ እየተንሰቀሰቀ ትከሻዋ ላይ ተኛ።

መዳሟ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ማሌሽ ሀቢብቲ» ብላ ይቅርታ ጠየቀቻት፣ «አጋዛሽ፣ የዕረፍት ቀንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሲነቃ አንቺን ነው የሚፈልገው። አብረን እንሂድ፣ ዕረፍትሽን በሌላ ቀን እተካልሻለሁ።»

እህቴ ወደኔ መጣች።

«ነገርሻት?» አልኳት።

«ተኝቷል እኮ» አለች በሹክሹክታ። «ያዕኒ፣ አሁን እንዴት ብዬ? ሳምንት እነግራታለሁ።»

ልጁን እንደታቀፈች፣ ሱሪዬን እንደለበሰች መኪናቸው ውስጥ ገባች። ብስክሌቱ ዛፍ ላይ ተደግፎ ቀረ። አስተማሪው «ልያዝልሽ፣ ትሞክሪያለሽ?» ቢለኝ እንቢ አልኩ። ስንመለስ ሳንዱቹ የእሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጣ። በዚያ ግቢ በር ስናልፍ እኔም ፊቴን አዞርኩ።

በሳምንቱ ሱሪውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በላስቲክ ይዛልኝ መጣች። «በሎሚም በቤንዚንም ሞከርኩት፣ አልለቅ አለ፣ ማሌሽ» አለችኝ። ነግራት እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ፊቷ ላይ ነበር። በኋላ ልጁ ትምህርት ቤት ይግባና እነግራታለሁ አለች። ሲገባ ደግሞ መዳሟ ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ እህቴም እነግራታለሁ ማለቱን ተወችው፣ እኔም መጠበቁን።

ተመላላሽ የሆንኩት እኔ ነኝ። ዛማሌክ ሰፈር አንድ ቤት ጠዋት ገብቼ ማታ እወጣለሁ፣ ማታም የምገባበት ክፍል ውስጥ የሚጠብቀኝ የለም። እህቴ አሁንም እዚያው ናት። ብስክሌት መንዳትም አልተማርኩም።

ሰሞኑን እንደገና ቤት ስቀይር ሱሪውን አገኘሁትና ደወልኩላት።

«ያን ደን ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት።

«የቱን ደን?»

«ብስክሌት የነዳሽበትን። ከትምህርት ቤት ጋር የሄድነውን።»

ከጀርባዋ ሳሕን ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፅዋ በደስታ ሞቅ አለ።

«አዎ! ልጁን ንብ የነደፈው ዕለት! ውይ የኔ ጌታ፣ እንዴት አድርጎ እንዳለቀሰ!»

«አዎ» አልኳት፣ «የዚያን ዕለት።» ሱሪውን አጥፌ ከሁሉም በታች መለስኩት።