ጥያቄ ያልያዘ አይሳፈርም

«ልጄን ዓሣ ልታሳዪልኝ ነው? ዓሣማ ቤቷ ትበላለች!» አለኝ አንድ አባት ፊት ለፊት፣ አውቶቡሱ በር ላይ የልጁን እጅ እንደያዘ።

የናፍጣው ሽታ አክስቴን አስታወሰኝ። ሐዋሳ ውስጥ ተማሪ ሰብስባ ለትምህርት ጉዞ መውሰድ የጀመረችው እሷ ናት፤ «ሽርሽር ሻጯ» እያሉ ሲስቁባት ጆሮ አልሰጠችም። ጥያቄ ያልያዘ ልጅ አውቶቡሷ ላይ አይወጣም ነበር። ስምንት ዓመቴ ላይ እኔንም በሩ ላይ አስቆመችኝ።

«አክስትነቴን እቤት ተይው። ጥያቄሽ የታለ?»

«ዓሣ ይተኛል?» አልኳት።

«እኔም አላውቅ! ተሳፈሪና የሐይቁን ዓሣ አጥማጆች ጠይቂልኝ።»

እሷ የማታውቀውን ልጠይቅላት! ሐይቁ ድረስ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ዛሬ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ ልጅቷን «ጥያቄሽስ?» አልኳት።

ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ዓሣ ውሃ ይጠማዋል?»

አባትየው «እስቲ ጠይቂልኝ» ብሎ እጇን ለቀቀ። አሳፈርኳት፤ በሩን ዘጋሁና ሄድን።