በእስክሪብቶ የጻፍኩት መታወቂያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እዚህ ገጽ ላይ የሰው ጽሑፍ አነባለሁ እንጂ የራሴን ጽፌ አላውቅም። ይህንንም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። መናገር ያለብኝ ነገር ባይኖር ኖሮ አሁንም አልጽፍም ነበር።

ጋሽ ሙላው አረፉ።

ጠዋት አክስቴ ስልክ አንስታ "ኧረ በናትህ! የትኛው ሙላው?" ስትል በልቤ ሌላ ሙላው ይሁን አልኩ። ቅዳሜ እኮ እዚህ መርሳ፣ ሱቃችን በር ላይ ቆመው ነበር። እሁድ ልጃቸውን ሊጠይቁ ወልድያ ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ አሉ። አላምን ብዬ ስልካቸው ላይ ደወልኩ። ጠራ። አንዲት ሴት እያለቀሰች "ሃሎ" አለች። ዘጋሁት። ይህን ካነበብሽው ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ ነኝ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ሙላው ወልድያ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ "ለጉልበቴ ቆላው ይሻለኛል" ብለው መርሳ የገቡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን ግን አላሳረፉትም። ከወልድያ በላይ ያለውን ደጋ በበቅሎም በእግርም እየወጡ፣ ድንጋይ እየገለበጡ ጥንዚዛ ይለቅማሉ። የገለበጡትን ድንጋይ ደግሞ "የሰው ጣሪያ ነው" እያሉ መልሰው በቦታው ያስቀምጡታል።

የሚለቅሟት ጥንዚዛ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። ክንፏ አጭር ነው፣ ወገቧን እንኳ አይሸፍንም። ስትነካ ጅራቷን እንደ ጊንጥ ታነሳለች፣ ግን አትነድፍም። "ዛቻ ብቻ ናት፣ እንደ አክስትሽ" ይሉኝ ነበር።

የተዋወቅነው በእጅ ጽሑፌ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቋረጥኩ ወዲህ የአክስቴን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እጠብቃለሁ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ መጥተው በሩ ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አዩ።

"ይህ የማን እጅ ነው?"

"የዚች የዝምተኛዋ" አለች አክስቴ። "አፏን ለእጇ ሰጥታዋለች።"

የሳቸው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥንዚዛዋ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ስትቀመጥ አብራት የምትገባ፣ ጥፍር የምታክል ወረቀት አለች። ከየትኛው ተራራ፣ ከምን ሥር፣ መቼ እንደተገኘች ይጻፍባታል። "መታወቂያ" ነው የሚሏት። "መታወቂያ የሌላት ጥንዚዛ ኬላ አታልፍም።" እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እየሄድኩ እጽፍላቸው ጀመር።

አክስቴ አንድ ቀን ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ ሳቀችባቸው። "ለዚች ነው ተራራ የሚወጡት? ኧረ እኔ ጓዳ ይምጡ፣ በጆንያ እሰጥዎታለሁ!"

"ያንቺ ጓዳዋ ስም አላት ብርቄ" አሏት። "ይህቺ ገና ክርስትና አልተነሳችም።"

እኔን ደግሞ ሁልጊዜ "በእርሳስ ጻፊ። ያላየሽውን አትጻፊ" ይሉኝ ነበር።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ።

አምና መስከረም ላይ ከሁለት ቦታ ይዘው መጡ። ከፊሉ ደጋው ላይ እንደ ምሰሶ ከሚቆመው ከጅባራ ሥር፣ ከበሰበሰው ቅጠል ውስጥ። ከፊሉ ከተራራው ጫፍ፣ ከድንጋይ ሥር። እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ። እርሳሱ ደብዘዝ ሲልብኝ፣ እንዲያምርላቸው ብዬ አንዷን በእስክሪብቶ ጻፍኳት። ለምን እርሳስ እንደሚሉ ጠይቄያቸው አላውቅም። መጠየቅ አፍራለሁ።

ከሳምንታት በኋላ እሳቸው በሌሉበት መደርደሪያቸውን ስወለውል አየኋት። አልኮሉ ሰማያዊ ሆኗል። ወረቀቷ ነጭ።

አልኮሉን ቀየርኩ። አዲስ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ፣ "ከጅባራ ሥር" ብዬ ጻፍኩ። መሰለኝ። አላስታውስም ነበር።

አዲሷ ዝርያ የወጣችው ከዚያች ብልቃጥ ነው። ወልድያ ያሉት፣ አብረዋቸው ነፍሳት የሚያጠኑት ሴት ዶክተር በማይክሮስኮፕ አይተው፣ መጽሐፉን ሁሉ አገላብጠው "እስከ ዛሬ ማንም አልጻፋትም" ሲሏቸው ጋሼ እንደ ልጅ ነው የሆኑት። "ጅባራ ሥር ብቻ የምትኖር! ጅባራው ካለቀ እሷም አለቀች ማለት ነው!" ስለ እሷ የጻፉት ጽሑፍም እንደዚያው ብሎ ተዘጋጀ። በዚህ ሰሞን ለሳይንስ መጽሔት ሊላክ ነው።

ስንት ቅዳሜ አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። አንድ ቀን ኮታቸው ኪስ ውስጥ የተረሳ ብልቃጥ አገኙ። ቀላ ያለች፣ ቆንጆ ነበረች። ከየት እንዳነሷት ጠፋባቸው። "ይመስለኛል ከ..." ብለው ጀመሩና ተዉት።

"ጻፊ፣ አይታወቅም።"

"ልትጣል ነው?"

"አትጣልም፣ ትቀመጣለች። ውሸት ከምትናገር ዝም ትበል። ዝምታን አንቺ ታውቂበት የለ?"

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የኔ ዝምታ ሌላ ዓይነት መሆኑን አያውቁም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜም "ለገና ሰሞን አብረን እንወጣለን፣ ጅባራውን በዓይንሽ ታዪዋለሽ" አሉኝ። "እሺ ጋሼ" አልኩ።

ዛሬ ተማሪዎቻቸው ሁሉ እያመሰገኗቸው ነው። ይገባቸዋል። ግን ስማቸው በኔ ግምት ላይ ተቀምጦ እንዲሄድ አልፈልግም። አንድ ሰው እሳቸውን አምኖ ጅባራ ሥር ሲፈልጋት ኖሮ ቢያጣት፣ ዋሸ የሚባለው ማን ነው? እዚህ የጻፍኩት ለዚህ ነው። እናንተ ካነበባችሁት ነገ ከመንገድ መመለስ አልችልም።

ጋሼ፣ በሕይወት እያሉ ሳልነግርዎ ቀረሁ። የገለበጡትን ድንጋይ ሁሉ በቦታው ሲመልሱ የኖሩ ሰው ነዎትና የእርስዎም ድንጋይ አይክበድዎት። ደህና ይሁኑ።

የነጣችውን ወረቀት አልጣልኳትም፣ ደብተሬ ውስጥ አለች። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይዣት ወልድያ እመጣለሁ። ከቀብርዎ በኋላ ዶክተሯን ጠብቄ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ቢቆጡም ይቆጡ። ከዚያ ብልቃጧን አስከፍቼ አዲስ መታወቂያ እጽፍላታለሁ።

በእርሳስ። "አይታወቅም" ብዬ።