የሣራ ያልተነገረ ጉዳይ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤት ኅብረቱ የጸሎት ርእስ ሲሰበስብ ሣራ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ትሰጣለች። «ያልተነገረ ጉዳይ አለኝ፤ ጸልዩልኝ።» በቤተ ክርስቲያናቸው ልማድ እንዲህ ያለን ሰው «ጉዳይሽ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጌታ ያውቀዋል ተብሎ ይጸለያል፣ አሜን ይባላል፣ ሻይ ይቀርባል። ደግ ልማድ ነው፤ ሰው የሚያፍርበትን ሁሉ አደባባይ እንዲያሰጣው አይገደድም። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶችም ሞኞች አልነበሩም።

ቤታቸው ገርጂ ነው፣ ከኢምፔሪያል ብዙም አይርቅም። ባሏ ደቻሳ ብረት ሠራተኛ ነው፤ ቦሌ ሚካኤል ባለችው ወርክሾፑ በርና የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳል። እሷ ከጎኑ ባለች ኮንቴይነር ውስጥ መጋረጃ ትሰፋለች። ሲኤምሲ ቪላ ያሠራ ሰው እሱን ለብረቱ ሲጠራ እሷንም ለጨርቁ ይጠራት ስለነበር ሃያ ሦስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። «እኔ ሌባ እከለክላለሁ፣ አንቺ ፀሐይ» እያለ ይቀልድባት ነበር። አዶኒያስ ከሞተ ወዲህ ቀልዱ ቀረ።

አዶኒያስ አንድ ልጃቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኢምፔሪያል ታክሲ ሲጠብቅ ስልኩን ሊነጥቁት ከመጡ ሁለት ሰዎች ጋር ታገለና በስለት ወጉት። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ደቻሳ ወለጋ ሄዶ የአባቱን ሽጉጥ ይዞ ተመለሰ። በነሱ ቤት የአባት መሣሪያ የበኩር ልጅ ነው፤ እሱ ግን «አዲስ አበባ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ለዓመታት አጎቱ ዘንድ ትቶት ነበር። አሁን «ቤቴን እጠብቅበታለሁ» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ግን ልጁን ለቀበረ አባት ይህን ፊት ለፊት የሚናገር ደፋር ከየት ይምጣ?

ወርክሾፑ በር ላይ ስለ መሣሪያ የሚደረገው ክርክር አላባራም። ጎረቤታቸው ሃይደር፣ አሉሚኒየም ሠራተኛው፣ «ሌባ ፈቃድ አያወጣም» ይላል። «ከሰላማዊው ሰው መሣሪያ ሲሰበሰብ የሚጠቀመው ማን ነው?» የቤት ኅብረቱ መሪ ጋሽ ተስፋጽዮን፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ብቅ ባሉ ቁጥር ይመልሱለታል። «ሁሉም ከታጠቀ በመኪና ማቆሚያ የተጣላው ሁሉ መቃብር ሊወርድ ነው።» በኋላ ግን እሳቸውም የአዶኒያስን ነገር እያሰቡ ለዘብ አሉ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሌባ ነው። ሣራ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ እየሰፋች ትሰማቸዋለች፤ እሷ የምትፈራው ሌባ አይደለም።

በዚያ ቤት ከመስኮቱ እስከ ጓዳው ፍርግርግ ነው፤ ድመት እንኳ አታልፍም። ደቻሳ ሽጉጡን ራሱ በበየዳት የብረት ሣጥን ቆልፎ ቁልፏን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ነበር የሚከፍታት፤ ቆይቶ በየቀኑ፣ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ሆነ። የልጁ አልጋ ላይ ይቀመጥና መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ያያል። ቤት የሚጠብቅ ሰው በር በሩን ነው የሚያየው። ባለፈው ወር ደግሞ ማንም እንዲነካበት የማይፈልገውን የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ለሃይደር «ውሰደው፣ አልፈልገውም» ብሎ ሰጠው። ለሣራ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ፣ ቧንቧው ሲበላሽ ለማን እንደምትደውል ነገራት። «ለምንድን ነው የምትነግረኝ?» ብትለው «እወቂው ብዬ ነው» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ የግቢውን በር የምትከፍተው መጀመሪያ ከውጭ ስሙን ጠርታ ነው።

ለማን ትንገር? ለምእመናኑ ብትናገር እምነቱ ደከመ ይሉታል፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። ለፖሊስ ብትናገር ያስሩባታል። ለራሱ አንዴ ሞክራለች። «ደቼ፣ ይህን ነገር ከቤት አውጣልኝ» አለችው። «ሌባ ቢመጣስ?» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። ሌላ መላ ቢጠፋት ነው ያልተነገረ ጉዳይ ያደረገችው።

በዚህ መሃል ያለፈቃድ መሣሪያ የያዘ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ያስመዝግብ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ሣራ ደስ አላት፤ ይከለክሉታል፣ ይወስዱበታል ብላ ተስፋ አደረገች። ደቻሳ ሊያስመዘግብ ሲሄድ ግን ፖሊሶቹ መዝገቡን አገላብጠው ወንጀል የለብህም አሉት። የቀረው ሰላማዊና የረጋ ሰው መሆኑን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ማስፈረም ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ድምፁ ከማይሰማው ከደቻሳ በላይ የረጋ ሰው ከየት ይመጣል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ የኅብረቱ ተራ የነሣራ ቤት ነበር። ስምንት ሰው ሳሎኑን ሞልቶታል። ሣራ ሻይ ልትቀዳ ፔርሙሱን እንዳነሣች ጋሽ ተስፋጽዮን ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ቆሙ።

«ወገኖች፣ ምስጋና አለኝ» አሉ። «እኅታችን ሣራ አምስት ወር ሙሉ ያልተነገረ ጉዳይ አለኝ ስትል ቆይታለች። አልጠየቅናትም፤ ግን ሰው ነንና ገምተናል። ልጇን ያጣች እናት ቤቷ እንዲጠበቅላት ነው የምትለምነው። ሦስት ቀን ጾምንበት። ይኸው እኔና ሁለት ወንድሞች ለደቻሳ ፈርመንለታል። ጌታ መልሶልሻል፣ ልጄ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ከሴቶቹ አንዷ እልልታዋን አቀለጠችው። ደቻሳ ወረቀቱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ እጁ ፍጹም የረጋ ነበር። ሣራን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይህ እርጋታው ነው።

«አይስጡት» አለች።

ጋሽ ተስፋጽዮን በደንብ ያልሰሙ መስሏቸው ፈገግ አሉ። «ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«ጋሼ፣ አይስጡት። እኔ ስለ ሌባ አልጸለይኩም። እዚህ ቤት ሌባ አይገባም፤ ብረቱን የሠራው እሱ ነው። እኔ የጸለይኩት ስለሱ ነው።» ፔርሙሱን እንደታቀፈች ነበር፤ ማስቀመጡን ረስታዋለች። «በየቀኑ ያንን ነገር ይዞ የልጃችን አልጋ ላይ ይቀመጣል። ዕቃውን ለሰው ማደል ጀምሯል። አንድ ቀን በሩን ስከፍት…» ወደ ወረቀቱ አየች። «አምስት ወር ያ ነገር ከእጁ እንዲወጣ ነው የለመንኩት። እናንተ እንዲፈቀድለት ጾማችሁ።»

ያቺ እልል ያለችው ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ተስፋጽዮን ወረቀቱን እንደያዙ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እዚያ ቤት ስንት ጊዜ ሻይ ጠጥተዋል፣ ያንን ሰው ስንት ጊዜ «እንዴት ነህ?» ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲላቸው አልፈዋል።

«ደቻሳ» አሉ፣ «እውነት ነው?»

ደቻሳ ስለ ሌባ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሣራ ከንፈሩ ለቃሉ ሲዘጋጅ አይታዋለች። ከዚያ ግን ተወው። ግድግዳው ላይ ያለውን የአዶኒያስን የምረቃ ፎቶ አየና እጁን ወደ አንገቱ ሰድዶ ቁልፉን በገመዱ አወጣው። ኩባያዎቹ መሃል አስቀመጠው።

«ዛሬውኑ ውሰዱልኝ» አለ። «ሻዩን ተዉትና አሁን ውሰዱልኝ። ነገ ብትመጡ እምቢ እላችኋለሁ።»