የፔጆዋን መሪ ይዤ ሻርጃ

ይህን የምጽፈው አንድ በደል በወረቀት ላይ እንዲቀመጥልኝ ነው። የባለቤቴን የሁሴንን ፔጆ፣ ያቺን ከሃያ ዓመት በላይ የአምባሰልን ዳገት ስትወጣና ስትወርድ የኖረችውን፣ ሁለት ሰዎች በሁለት አገር «መኪና አይደለችም» ብለዋታል። አንደኛው ሻርጃ ውስጥ ደረቱ ላይ ካርድ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነው። ሁለተኛው የገዛ ልጄ ሰኢድ ነው። ሁለቱንም «ታዲያ ምንድን ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም ለተጠየቀ ነገር መልስ መስጠት እንደሚገባ አውቃለሁ።

ወጣት የሆናችሁ አታውቋትምና መጀመሪያ ላስተዋውቃችሁ። ከፊቷ ፔጆ ናት፤ ከኋላዋ ሸራ የለበሰች ፒክአፕ። ሸራው ውስጥ በግራና በቀኝ የእንጨት አግዳሚ አላት፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ውይይት የምትባለው። ሁሴን ከአዲስ አበባ ገዝቶ ሲያመጣት የሐይቅ ከተማ ሰው ወጥቶ ነው የተቀበላት። ከሐይቅ ተሳፍሮ ውጫሌ እስኪደርስ አፉን ዘግቶ የሄደ ሰው አላየሁም። እሱ ይነዳል፣ እኔ ረዳቱ ነበርኩ። ዳገት ላይ ስትደክም ታኮውን ይዤ ዘልዬ ጎማዋ ሥር የምወሽቅ እኔ ነኝ፣ ያውም በእርግዝናዬ። በግሸን ንግሥ ጊዜ ተጓዦቹን መንገዱ እስከፈቀደልን ድረስ እናደርሳቸዋለን። ሲመለሱ ለሙስሊሙ ሹፌራቸው ጠበል ይዘውለት ይመጣሉ፤ እሱም «ለሞተሩ ይሻለዋል» እያለ ራዲያተሩ ውስጥ እንዳይጨምረው እኔ እጠብቀዋለሁ።

ሁሴን፣ አላህ ይዘንለት፣ ከሞተ ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ዶሮዎቼ ሸራው ሥር ያድራሉ። ልጄ ዘይነባ ደግሞ ሻርጃ ነርስ ናት። ስትወልድ ደወለችና «እማ፣ መጥተሽ ልጄን ያዥልኝ፣ ቪዛሽን ጨርሻለሁ» አለችኝ። በምሄድበት ዋዜማ ሻንጣዬን ስቋጥር ሰኢድ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እማ፣ አንቺ በሰላም ሂጂ። እኔ ለቁራሌው ሰጥቼ ቦታው ላይ ሱቅ እሠራለሁ።»

«የአባትህን መኪና ለአሮጌ ብረት ሰብሳቢ?»

«ኧረ እማ! ይቺ መኪና አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

ወደ ዶሮዎቹ አየና ዝም አለ።

«እስክመለስ እንዳትነካት። ወላሂ በል።»

«እናያለን» አለኝ። እናያለን ደግሞ ወላሂ አይደለም።

ሲነጋጋ ሰኢድ ለሱብሂ ሶላት መስጊድ ሲሄድ የሁሴንን የመፍቻ ሳጥን አወጣሁ። ዶሮዎቹ እየጮሁብኝ መሪዋን ፈትቼ ነቀልኩ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ በሶውና በርበሬው መካከል አስቀመጥኩት። መሪ የሌላትን መኪና ማንም አይወስዳትም ብዬ ነው። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ቁራሌው ነድቶ የሚሄድባት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ጭኖ ነው የሚወስዳት።

ሻርጃ ስንደርስ ዕቃ የሚፈትሸው ሰውዬ ሻንጣዬን አስከፈተ። የቁርአን አረብኛዬ ለጭቅጭቅ የሚሆን ስላልሆነ ከኋላዬ የተሰለፈች የባቲ ልጅ አስተረጎመችልኝ።

«ሃጃ፣ ይህ ክብ ነገር ምንድን ነው?»

«መሪ ነው።»

«መኪናው የት አለ?»

«ሐይቅ።»

«ያለ መሪ?»

«ያለ ሹፌርም ነው።»

«እዚህ ልትሸጪው ነው?»

«እዚያ እንዳይሸጥ ነው።»

መሪውን አገላብጦ አየ። በሶውን አሸተተ። በርበሬውንም አሸተተ፣ ሦስት ጊዜ አነጠሰና በእጁ «እለፊ» አለኝ።

ውጭ ስወጣ የተቀበለኝን ሙቀት የምታውቁት ዳገት አጋማሽ ላይ የራዲያተር ክዳን ከፍታችሁ የምታውቁ ናችሁ። ልዩነቱ እዚያ ክዳኑን መልሶ የሚዘጋው የለም። ዓሣቸው እንደ በግ ይገዝፋል፣ ሲበላ ግን የሐይቃችንን ቆሮሶ ጅራቱን አያክልም። ይህን ሁሉ ለመድኩት። ያልለመድኩት ሊፍቱን ነው።

ዘይነባ የምትኖረው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሰው ይጭናል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ እስከዚህ ድረስ እንደኛው ነው። ነገር ግን የገባው ሁሉ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ለጎረቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። እኔ ገብቼ ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁና ሰዎቹን ፊት ለፊት አየኋቸው። አሰላሙ አለይኩም አልኩ። ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ አልኩ። አንዱ ስልኩ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። በሳምንቱ የሕንጻው ኃላፊ በራችንን አንኳኳ።

«እናትሽ ሊፍት ውስጥ ሰው ታያለች» አላት ዘይነባን።

«ማየት ክልክል ነው?» አልኩ።

«ሃጃ፣ ወደ በሩ ይዩ። ሁሉም ወደ በሩ ነው የሚያየው።»

«በሩ ምን ሆኗል? ታሟል እንዴ?»

«ደንቡ ነው።»

«ተኳርፈው ከሆነ ላስታርቃቸው በይልኝ።»

ዘይነባ ይህችን አልተረጎመችም።

አንድ ዓርብ «እማ፣ አብሽሪ፣ የምትወጂውን ነገር ላሳይሽ» ብላ ወደ አሮጌ መኪኖች ትርኢት ወሰደችኝ። መሪውን በዘንቢል ይዤ ነው የሄድኩት፤ መኪና ለመኪና ይተዋወቁ ብዬ። መኪኖቹ በገመድ ታጥረዋል፣ ጎማቸው እንኳ በጨርቅ ተወልውሏል። ዳር ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሰው ተሰልፏል። ወደ መንገድ ቢመለስ የምትወዱት መኪና የቱ ነው፣ አስመዝግቡ ይላል ማስታወቂያው። ብዙ ሰው የመረጠውን መኪና ትርኢቱን ያዘጋጀው ማኅበር የትም አገር ይሁን ባለቤቱ ጋ ሄዶ ያድስለታል ተባለ። ልቤ ዘለለ። የሁሴን መኪና ብትመረጥማ ሰኢድ ምን አቅም አለው?

ተራዬ ሲደርስ መሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ካርድ ያንጠለጠለው መዝጋቢ ሰውዬ በዘይነባ ስልክ ላይ ያለውን የመኪናዋን ፎቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ የሚለውን ዘይነባ ትተረጉምልኛለች።

«ይቺ ዕቃ መጫኛ ላይ አግዳሚ ተገጥሞባት ነው። ስትሠራ እንዲህ አልነበረችም። ይቺ መኪና አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

እስክሪብቶውን አንስቶ ከኋላዬ የተሰለፈውን አየ።

«ያቺ ገመድ ውስጥ የቆመችው፣ ሁሉም የሚመርጣት ቀይ መኪና ስንት ሰው ትጭናለች?»

«ሁለት።»

«የእኔዋ አሥራ ሁለት ትጭናለች፣ በግ ሳይቆጠር። ሁለት ሰው የምትጭነው መኪና ከሆነች አሥራ ሁለት የምትጭነው በምን ጥፋቷ ነው የማትሆነው?»

«ቀጣይ ሰው!» አለ።

ደሜ ፈላ። አጠገቡ ለእንግዳ ማረፊያ የተቀመጡ ሁለት አግዳሚዎች ነበሩ፣ እነሱም ጀርባ ለጀርባ። ዘይነባ «እማ በአላህ ተይ!» እያለችኝ አንዱን ጎትቼ አዙሬ ፊት ለፊት አደረግኋቸው። ከፊት አንድ ወንበር አስቀምጬ መሪውን እሱ ላይ ሰቀልኩ። እኔ በረዳት ቦታዬ፣ ከኋላ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እንደዱሮዬ ተጣራሁ።

«ውጫሌ! ውጫሌ! አንድ ሰው የቀረው!»

መኪናው ባዶ ቢሆንም «አንድ ሰው የቀረው» ማለት የረዳት ወግ ነው። ዓርብ ለብዙዎቹ ልጆቻችን የእረፍት ቀን ስለሆነ እዚያ ሞልተዋል። አንዲት የሐይቅ ልጅ ጥሪውን ሰምታ ሮጣ መጣች።

«ውይ! እማ ፋጡማ! የጋሽ ሁሴን ረዳት አይደለሽ?»

«ወሬውን ተይና ግቢ፤ ጠጋ በይ።»

ገባች። የውጫሌ ልጅ መጣች፣ የመርሳ ልጅ መጣ፣ ከቀን ሥራው የወጣ የወልድያ ልጅም መጣ፤ ሌሎችም እየተከታተሉ ገቡ። ጉልበት ለጉልበት ገጠመ። አንዷ አሠሪ ማዳሟን ታማለች፣ ሌላዋ እጮኛዋን። የሐይቋ ልጅ በስልኳ ትቀርጻለች። አንድ ፂማም የፓኪስታን ሽማግሌ ጥበቃ መጥቶ በላያችን ቆመ።

«ሃጃ፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው?»

«እስኪሞላ ነዋ።»

«ስንት ቀራችሁ?»

ቆጠርኩ። «አንድ ሰው የቀረው» አልኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዋሽ።

አግዳሚዎቹን አየ። «የእኛም አገር እንዲህ ያለች አለች» አለና የመገናኛ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አሥራ ሁለት ሞላን።

ካርድ ያንጠለጠለው እየሮጠ መጣ። «ሃጃ፣ ሞልቷል አይደል? እንግዲህ ሂዱ!»

«ሹፌሩ ሞቷል» አልኩት።

ዘይነባ መተርጎም ጀምራ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ አባቷ ነው። ሰውዬው ያለ አስተርጓሚ ገባው። «አዝናለሁ» አለ። ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ግን አልጻፋትም። ቀይዋ አሸነፈች ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰኢድ ብደውል አያነሳም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው አነሳ። ከጀርባው ሰው ይንጫጫል።

«የት ነህ?»

«ግቢያችን ነኝ፣ እማ። ቁራሌው መጥቷል።»

«ወሰዳት?»

«እንዴት ይወስዳታል? ሰው አለባት! ያቺ የሐይቅ ልጅ ቪዲዮሽን ለሰፈሩ ሁሉ ላከችው። ቁራሌው ሊጭናት በመጣ ቀን መሪጌታ ደምሴ ቀድመው ገብተው ቁጭ አሉ። ቦታዬ ከሹፌሩ ጀርባ ነበር፣ አልነሳም አሉ። ከዚያ ሐጂ ይመር መጡ። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። ጠዋት ይሳፈራሉ፣ ማታ ይወርዳሉ።»

«ቁራሌውስ?»

«ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያወራል።»

«ዶሮዎቼስ?»

«ጣሪያው ላይ ናቸው።»

አልሃምዱሊላህ ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። በደሌን ግን አልረሳሁም።

«ሰኢድ፣ በሄድኩበት ዋዜማ ጠይቄህ ዝም ብለኸኛል። አሁን መልስልኝ። ምንድን ናት?»

በስልኩ የመሪጌታ ሳቅ ይሰማኛል፣ አንዱም «እስቲ ጠጋ በሉ» ይላል።

«መኪና ናት፣ እማ።»

«እንግዲያው መሪውን ይዤ እመጣለሁ። ጫፍ ላይ፣ የረዳቷን ቦታ ያዝልኝ።»

«እማ» አለኝ፣ «ወላሂ ቦታ የለም። ሞልታለች።»